ሉሬይ ገጠር ቤታችን ስታርሊንክ ካስገባን ዓመት አለፈን፦ ዲሹም፣ ዋይፋዩም፣ የእማዬ ቲቪም

ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግቢውንና ፍየሎቹን ያያል፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው "ኔትስ እንዴት ነው?" ብሎ ነው። ከዲሲ አካባቢ ወጣ ብሎ ቤት መግዛት የሚያስብ ሀበሻ በዝቷል መሰለኝ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ሳስረዳ ስለከረምኩ ስለ ስታርሊንክ፣ ማለትም በትንሽ ዲሽ ከሳተላይት ስለሚመጣው ኢንተርኔት፣ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል ግን እኔ ያጠፋሁትን ሶስት ወር እንዳታጠፉ ያደርጋችኋል።

እኛ ያለነው ቨርጂኒያ ሉሬይ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ በአንድ በኩል የሸናንዶዋ ፓርክ በሌላ በኩል ማሳነተን ተራራ፣ መሃል ሸለቆው ላይ። ከአሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ወጥተን 2024 ኦክቶበር ላይ ገባን። ቦታው ሰፊ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ እማዬ ከጎንደር ከመጣች ጀምሮ አፓርትመንት ውስጥ ታፍና የነበረችው እዚህ ስትመጣ ሰው ሆነች። ችግሩ ኔት ነው። ፋይበሩ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ያበቃል፣ ወደ እኛ ለመሳብ የጠየቁን ዋጋ መኪና ይገዛል፣ የሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ተራራው ስለሚከልለው ግቢው በር ላይ ሁለት መስመር ያሳይና ሳሎን ስትገባ ይጠፋል። ባለቤቴ የምትሰራው ከቤት ነው፣ የሆስፒታል ቢሊንግ፣ ቀኑን ሙሉ ሚቲንግ ላይ ናት፣ ስለዚህ ኔት ለኛ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ እንጀራችን ነው።

ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ትተውልን የሄዱት የድሮውን አይነት የሳተላይት ኢንተርኔት ነበር፣ የካምፓኒውን ስም አልጠራም፣ ለአምስት ወር ያህል ከሱ ጋር ታገልን። ስፒዱ ወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም፣ 25 ሜጋ ይላል፣ ታዲያ ለምን ስልክ መደወል እንኳን እንዳቃተን መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እማዬ ጎንደር ያለችውን እህቷን በዋትስአፕ ስትደውል "ሰማሽኝ?" ትልና ዝም፣ ከዛ እሷ ድጋሚ "ሰማሽኝ ወይ?" ስትል የእህቷ መልስ ይመጣል፣ ሁለቱም እኩል ያወራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ፣ በመጨረሻ እማዬ "ተይው እህቴ፣ እግዜር ያገናኘን" ብላ ትዘጋዋለች። ይሄን እያየሁ ነው ጉዳዩን ማጥናት የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቆሙት፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከኛ ሲታዩ አንድ ቦታ የተቸነከሩ ይመስላሉ፣ አገር ቤት የቲቪ ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ የማይነካው ለዚህ ነው። ለቲቪ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ቲቪ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚመጣው፣ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቀውም። ኢንተርኔት ግን ምልልስ ነው። ያንተ ጥያቄ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መልሱ ደግሞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አራቱን ስትደምረው 143,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃን ራሱ ለዚህ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጊዜ ይፈጅበታል፣ ስፒዱን 25 ሜጋ ቢያደርጉት 250 ይሄ አይቀየርም። የስታርሊንክ ሳተላይቶች 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እኛ ቤት በድሮው ፒንጉ፣ ማለትም የምልልሱ ጊዜ፣ ከ600 ሚሊ ሰከንድ በታች ወርዶ አያውቅም፣ አሁን ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 40 ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አድራሻችሁን ካርታቸው ላይ አስገቡ፣ በተለይ ወደ ምዕራብ የምትሄዱ ከሆነ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ከቨርጂኒያ ምዕራብና ከዌስት ቨርጂኒያ ትልቅ ክፍል የሚይዝ የሬዲዮ ፀጥታ ዞን የሚባል አለ፣ በ1958 ነው የተከለለው፣ 13,000 ስኩዌር ማይል ገደማ ይሆናል፣ ግሪን ባንክ ላይ ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እንዳይረበሽ ተብሎ ነው። የሉሬይ ከተማ ከዞኑ ምስራቃዊ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብላ ነው ያለችው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ግን ውስጡ ናችሁ። እዛ ውስጥ ኔቱን ማግኘት ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ቤቱን ወዳችሁት ፊርማ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ይሄን እዩት፣ ቤት አሻሻጩ አይነግራችሁም።

እኛ 2025 ማርች ላይ አዘዝን፣ እቃው 349 ዶላርና ታክስ፣ ወሩ 120። ዋጋው በየቦታውና በየጊዜው ይለያያል፣ እናንተ የምታዩት ሌላ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዲሹ፣ ማቆሚያ እግሩ፣ ራውተሩ፣ የራውተሩ ፓወር ሰፕላይና 15 ሜትር ኬብል ነው። ዲሽ ስል ጎድጓዳ ሳህን እንዳይመስላችሁ፣ ጠፍጣፋ ነጭ አራት ማዕዘን ነገር ነው፣ 60 በ38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የእንጀራ ምጣድ ክዳን እንኳን ይበልጠዋል። እማዬ ስታየው "ይቺ ናት እንዴ? ኤል ኤን ቢዋ የታል?" አለችኝ፣ ልክ ናት፣ እኛ የምናውቀው ዲሽ ፊት ለፊቱ ያቺ አይን አለችው። ይሄኛው ውስጡ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ተደርድረው እያሉ ዲሹ ሳይንቀሳቀስ ጨረሩ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረሩ ነው የሚያልፉት፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላውን ይይዛል፣ ይሄን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል። የድሮው ዲሽ አንድ ቀጭን የሰማይ መስመር ከታየው ይበቃዋል። ይሄ ግን ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል፣ 110 ዲግሪ ያያል። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ የኛ ችግር ሁሉ የመጣው ከሷ ነው።

ሴታፑ ራሱ ቀላል ነው፣ እውነት 20 ደቂቃ አልፈጀብኝም። አፑን ስልክ ላይ ትጭናላችሁ፣ ዲሹን ሰማይ የሚታይበት ቦታ ታስቀምጣላችሁ፣ ኬብሉን ራውተሩ ላይ ትሰካላችሁ፣ አፑ ወዴት ምን ያህል እንደምታዞሩት እየነገራችሁ ታስተካክላላችሁ። እኛ ጋ ወደ ሰሜን ነው የሚያስዞረው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ሳተላይቶች የሚዞሩበት መንገድ 53 ዲግሪ ላይ ስለሚታጠፍ ከኛ በስተሰሜን ያለው ሰማይ ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ ዛፋችሁ በደቡብ ከሆነ ብዙም አትጨነቁ፣ በሰሜን ከሆነ ግን አስቡበት።

የኛ ዛፍ በሰሜን ነው። ሁለት ትልልቅ ኦክና አንድ ጥቁር ዋልነት፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ከቤቱ የሚበልጡ። አፑ ላይ በካሜራ ሰማዩን ስካን የምታደርጉበት ነገር አለ፣ አደረግኩት፣ ትንሽ ትንሽ ቀይ ነገር ጫፍ ላይ አሳየኝ፣ ማርች ነው፣ ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፣ በቅርንጫፎቹ መሃል ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። በእግሩ ግቢ ውስጥ አቆምኩት፣ ወዲያው 160 ሜጋ አነበበ፣ ባለቤቴ እልል አለች፣ ልጆቹ ቲቪውን ከፍተው ጠፉ፣ እማዬ የዛኑ ቀን ማታ ከእህቷ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ አወራች። እኔም በቃ ተገላገልን ብዬ የድሮውን ኮንትራት ሰረዝኩ።

ኤፕሪል አልፎ ሜይ ሲገባ ባለቤቴ "ሚቲንግ ላይ ድምፄ እየተቆረጠ ነው ይሉኛል" ማለት ጀመረች። እኔ አላመንኳትም፣ ይቅር ትበለኝ፣ ምክንያቱም ቲቪው ምንም አይልም፣ ዩቲዩብ አይሽከረከርም፣ ኔትፍሊክስ ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ ስፒድ ቴስት ሳደርግ 150 ነው። "ላፕቶፕሽ ነው" አልኳት። ላፕቶፗን አስቀየርኳት። አልተቀየረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከካሜራዋ ጋር ስትታገል፣ አንድ ቀን ከአለቃዋ ጋር እያወራች ሶስት ጊዜ ተቋርጦባት አይኗ እንባ ሞልቶ ከክፍሉ ስትወጣ ነው ቁጭ ብዬ በትክክል ያየሁት። አፑ ውስጥ የመከለያ ካርታ የሚሉት አለ፣ ዲሹ ራሱ ካለበት ሆኖ ሰማዩን አይቶ የሚስለው፣ ማርች ላይ ሰማያዊ የነበረው አሁን ሰሜኑ በሙሉ ቀይ ቀይ ሆኗል። ቅጠሉ ወጥቷል። ኦኮቹ ለምልመው ሰማዩን ይዘውታል። ሳተላይቱ ከቅጠሉ ጀርባ ባለፈ ቁጥር ሁለት ሰከንድ፣ አራት ሰከንድ ይቆረጣል፣ ይመለሳል።

ይሄን ጉዳይ ነው ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። ፊልም ስታዩ ቲቪው ከፊት ለፊቱ ያለውን ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጣል፣ አራት ሰከንድ ቢቆረጥ ከተቀመጠው ይበላል፣ እናንተ አታዩትም። ስልክና ሚቲንግ ግን የሚቀመጥ ነገር የላቸውም፣ አራት ሰከንድ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ስለዚህ ሰው "ኔታችን አሪፍ ነው፣ ፊልም ይሄዳል" ሲላችሁ ስለ ዲሹ ቦታ ምንም አልነገራችሁም። ስፒድ ቴስትም አይነግራችሁም። ቪዲዮ ኮል ክፈቱና ለግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ አውሩ፣ እሱ ነው ፈተናው። ደግሞ በክረምት ከገጠማችሁት ሜይ ላይ እንደገና ፈትኑት። የሰላሳ ቀን መመለሻ አላቸው፣ ብር ይመልሳሉ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ማርች ላይ የገጠመ ሰው ሰላሳ ቀኑ የሚያልቅበት ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ነው።

መፍትሄው ወይ ዛፍ መቁረጥ ወይ ከፍ ማድረግ ነው። ዛፎቹን እማዬ አታስነካም፣ ከስራቸው ወንበር አውጥታ ውዳሴ ማርያሟን የምትደግምበት ነው፣ እኔም አልፈለግኩም። ስለዚህ ጣሪያ። አንድ የሚገጥም ሰው ጠርቼ መጥቶ አየና 650 ዶላር አለ፣ የት ሊያስቀምጠው እንዳሰበ ስጠይቀው ግን ከታች የጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ለሱ መሰላል የሚቀለው ቦታ ነው ያሳየኝ፣ ከዛ ሆኖ ዛፉን አያልፈውም። አመስግኜ ሸኘሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር በኤሌክትሪክ ስራ ላይ ያለ ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ መጥቶ አብረን ሰራነው፣ የቤቱ ጎን ላይ የብረት ቧንቧ አስረን ከጣሪያው ጫፍ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ አደረግነው፣ ቧንቧው ላይ የሚቀመጥበትን አዳፕተር ለብቻው ገዛሁ። ስልኩን ይዤ መሰላል ላይ ወጥቼ መጀመሪያ ስካን አደረግኩ፣ ይሄን ሳታደርጉ አንድም ቀዳዳ አትብሱ፣ አንድ ሜትር ወደ ግራ ስትሄዱ ግማሹ ዛፍ ከመንገድ ሊወጣ ይችላል። እኛ ጋ ከጭስ መውጫው በስተግራ በኩል ነበር ቦታው፣ ያለ ስካን በፍፁም አላገኘውም ነበር።

ጓደኛዬ ያስተማረኝን ሶስት ነገር ላስተላልፍ። ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ቀለበት ሰርቶ ተመልሶ መውጣት አለበት፣ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ቤት እንዳይገባ እዛ ጋ ይንጠባጠባል። ቀዳዳው በውጪ በሲሊኮን ይደፈን። ቧንቧው ደግሞ ከቤቱ ኤርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር በወፍራም ሽቦ ይገናኝ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ በበጋ መብረቅ ቀልድ አይደለም፣ ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት ኤርዝ ሳይኖረው ቤተሰብ አታስተኙ። ኬብሉ 15 ሜትር መሆኑንም ቀድማችሁ ለኩ፣ ለኛ አልበቃም፣ 45 ሜትሩን አዘዝን። የሰፈር ማህበር ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ጣሪያ ላይ ዲሽ አይቻልም ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ የኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሚዩኒኬሽን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ህግ አለ፣ በራሳችሁ ይዞታ ላይ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ዲሽ እንዳትሰቅሉ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችሉም።

ከፍ ካደረግነው በኋላ ቀዩ ጠፋ። ከጁን ጀምሮ ባለቤቴ አንድም ሚቲንግ ተቋርጦብኛል ብላ አታውቅም፣ ከባድ ዝናብ የመጣባቸውን ጥቂት ቀናት ትታችሁ፣ ጥቁር ደመና ተራራውን አልፎ ሲመጣና ዶፍ ሲሆን ለደቂቃዎች ይደክማል፣ ይሄ የሳተላይት ነገር ሁሉ ባህሪ ነው። ስፒዱ ጠዋት 200 ድረስ ይሄዳል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ወደ 90 ይወርዳል፣ ወደላይ የሚሄደው ከ12 እስከ 20። ለንፅፅር ኔትፍሊክስ ራሱ ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋ፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ 90 ለሶስት ቲቪና ለአንድ ሚቲንግ ይተርፋል። የዳታ ገደብ አለመኖሩ ደግሞ ሌላ እፎይታ ነው፣ የድሮው በወር 100 ጊጋ ነበር፣ ኤችዲ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፣ 33 ሰዓት ማለት ነው ለሙሉ ቤተሰብ ለሙሉ ወር፣ ልጆቹን ሁሌ "አጥፉ፣ ዳታ አለቀ" ስል ነበር የምውለው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዲሹ ላይ ይደክምና ውስጡን ይረሳዋል። ቤታችን የድሮ ነው፣ ታችኛው ፎቅ ግድግዳው ድንጋይ ነው። ራውተሩ ያለው ላይ ባለቤቴ ቢሮ ውስጥ፣ የእማዬ ክፍል ደግሞ ታች በሌላኛው ጫፍ፣ ዋይፋዩ እዛ ሲደርስ ሞቷል። እኔ ያደረግኩት ከአፓርትመንቱ ያመጣሁትን አሮጌ ራውተር አውጥቼ ኬብል ሰክቼ ታች አስቀመጥኩት፣ ዋይፋይ መጣ፣ ስሙን "እማዬ" አልኩት። የእማዬ ቲቪ ይሰራል፣ ስልኳ ይሰራል፣ ግን ቪዲዮ ከስልኳ ወደ ቲቪው ልላክ ስትል ቲቪው አይታያትም፣ አንዳንዴ ይታያታል አንዳንዴ አይታያትም። ስልኩ የላይኛውን ዋይፋይ ይይዛል፣ ቲቪው የታችኛውን፣ ሁለቱ ራውተሮች ሁለት የተለያየ ቤት ሰርተዋል፣ በአንድ ቤት ያልሆኑ እቃዎች ደግሞ አይተያዩም። አሮጌው ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አክሰስ ፖይንት የሚለውን ምረጡ፣ ስሙንና ፓስወርዱን ከላይኛው ጋር አንድ አድርጉ፣ በቃ ይሄው ነው። የአሁኑ የስታርሊንክ ራውተር ከጀርባው ክዳን ስር ሁለት የኬብል መሰኪያ አለው፣ አንዱን ለዚህ ተጠቀምኩት፣ ሁለተኛውን ለሳሎን ቲቪ። ቲቪ ከቦታው ስለማይነቃነቅ በኬብል ይያያዝ፣ ዋይፋዩን ለስልኮቹ ተዉላቸው።

ወደ ቲቪ የመላኩ ነገር ለምን ይሄን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ሪሞት ይዛ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመች መፈለግ አትችልም፣ ስለዚህ ሁሌ አንዱን ልጅ "ና እስኪ የኔ ጌታ፣ ቅዳሴውን አውጣልኝ" እያለች ትለምናለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሆኑ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ስልኳ ላይ ግን የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለ፣ ማይኩን ነክታ በአማርኛ ትናገራለች፣ ይፅፍላታል፣ ዩቲዩብ ያመጣላታል፣ ከዛ ያቺን የቲቪ ምልክት ስትነካ ትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሶስት ቀን አስተማርኳት፣ ምልክቷን ወረቀት ላይ ስዬ ቲቪው ስር ለጠፍኩላት። አሁን መዝሙሩንም፣ ስብከቱንም፣ የኢቢኤስ ፕሮግራሞችንም፣ የጎንደር ዜናም ራሷ ነው የምታወጣው፣ ማንንም አትጠራም። እሁድ የአገር ቤት ቅዳሴ ላይቭ ሲኖር በኛ ቅዳሜ ሌሊት ይሆናል፣ በበጋ ሰባት በክረምት ስምንት ሰዓት ነው ልዩነቱ፣ ነጠላዋን ለብሳ ትቆማለች። የማስቀደስ ያህል ነው የምትቆመው፣ እስኪያልቅ አትቀመጥም።

ለቲቪዎቹ ሮኩና የአማዞን ስቲክ የሚባሉትን፣ ቲቪ ላይ ተሰክተው ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የሚያሳዩ እቃዎች፣ ሞክረናል። ለትልልቅ ሰዎች ሮኩ ይሻላል፣ ሪሞቱ ላይ ቁልፍ ጥቂት ነው፣ ገፁም አይቀያየርም። ስቲኩ ላይ ማስታወቂያው ይበዛል፣ ኬብል መሰኪያም የለውም፣ ለብቻው አዳፕተር ይፈልጋል። የሎካል ዜናና ኳስ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንቴና ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አስቡ፣ እኛ ተራራው ስለከለለን ምንም አልያዘም።

ሌላ የሰራሁት ነገር የቤት ሰርቨር ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ጨምሬበት ጄሊፊን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩበት። የሰርጋችን ቪዲዮ፣ የልጆቹ ክርስትና፣ አባቴ በህይወት እያለ በቪኤችኤስ የተቀረፀው የፋሲካ ምሳ፣ ሁሉንም ወደ ፋይል አስቀይሬ አስገባሁት፣ አሁን በየትኛውም ቲቪ ላይ እንደ ኔትፍሊክስ ተደርድሮ ይወጣል፣ ኔት ጠፍቶ እንኳን ይሰራል ምክንያቱም ከቤት አይወጣም። ሲያትል ያለው ወንድሜ እሱም ማየት ፈልጎ ነበር፣ እዚህ ጋ ነው እንቅፋቱ። በመደበኛው የስታርሊንክ ፓኬጅ የራሳችሁ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) አይሰጣችሁም፣ ብዙ ቤት አንድ አድራሻ ይጋራል፣ ስለዚህ ከውጪ ቤታችሁን አንኳኩቶ መግባት አይቻልም፣ ራውተር ላይ ፖርት ክፈቱ የሚሏችሁ የዩቲዩብ ትምህርቶች ሁሉ አይሰሩም፣ አትድከሙ። ቴይልስኬል የሚባለውን፣ የተራራቁ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ሰርቨሩ ላይም ወንድሜ ኮምፒውተር ላይም ጫንን፣ ሁለቱም ከውስጥ ወደ ውጪ ወጥተው ስለሚገናኙ ችግሩ ቀረ፣ ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ወንድሜ የአባታችንን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ የሰማው በዚህ ነው። ስልክ ደውሎ ምንም ሳይናገር ቆየ፣ እኔም ዝም አልኩ።

መብራቱን ሳልጠቅስ እንዳልጨርስ። ዲሹና ራውተሩ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳሉ፣ ቀንና ሌሊት ስለሚሰራ በወር 60 ኪሎዋት አወር አካባቢ ይሆናል፣ እኛ ጋ ወደ ዘጠኝ ዶላር። ገጠር ውስጥ መብራት ሲሄድ ቶሎ አይመጣም፣ አንድ ሺህ ዋት አወር የሚይዝ ባትሪ ገዝቼ ዲሹንና ራውተሩን በሱ ላይ አደረግኳቸው፣ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ያቆየናል። ሞባይል በማይሰራበት ቦታ ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ 911 የምንደውለው በዋይፋይ ነው፣ አሮጊት እናት አለችኝ። በረዶ ሲመጣ ዲሹ ራሱን ያሞቃል፣ ያቀልጠዋል፣ ያኔ የሚበላው መብራት ይጨምራል። መሰላል ላይ ወጥቶ በረዶ መጥረግ አያስፈልግም።

ታዲያ ለማን ነው የምመክረው? ፋይበር ወይም ደህና ኬብል ኔት ደጃችሁ ድረስ ከመጣ እሱን ውሰዱ፣ ይረክሳል፣ ይፈጥናል፣ ዝናብም አያውቅም፣ በዚህ አልከራከርም። በወር 120 ዶላር ትንሽ ብር አይደለም። ፋይበር የሌለው፣ ስልክ የማይዝ፣ ግን ሰማዩ ክፍት የሆነ ቤት ካላችሁ ግን ሳታቅማሙ ግቡበት። ዛፍ የከበበው ቤት ከሆነ መጀመሪያ አፑን ብቻ በነፃ አውርዱ፣ እቃውን ሳትገዙም ስካን ያደርጋል፣ ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፣ ባለቤቱ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ቢጠይቃችሁ ንገሩት። አገር ቤት ወስደን እናስገባው የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳ፣ ኬንያ በ2023 ጀምረዋል፣ ግን እያንዳንዱ አገር ፈቃድ መስጠት አለበት፣ ከዚህ የተገዛ እቃ ፈቃድ በሌለበት አገር ሻንጣ ውስጥ ከቶ መውሰድ ጉምሩክ ላይ ማስወረስ ነው የሚሆነው፣ ከመውሰዳችሁ በፊት ካርታውንም ህጉንም እዩ።

ከአምስት ስንት ብትሉኝ ዲሹ ዛፉን ካለፈ በኋላ አምስት፣ ከማለፉ በፊት ሁለት። ዘንድሮ የጥምቀት ዕለት፣ ጃንዋሪ 18 ማታ፣ አገር ቤት 19 እየነጋ ነው፣ እማዬ ከጎንደር ከፋሲል መዋኛ ላይቩን ከፈተች፣ ራሷ ናት የከፈተችው። ውሃው ሲባረክ፣ ወጣቶቹ ሲዘሉ፣ እህቷ በሌላኛው ስልክ ዋትስአፕ ላይ ነበረች፣ እዛው ህዝቡ መሃል ቆማ። "አየሁሽ፣ ከዛፏ ስር ነሽ አይደል?" ትላታለች እማዬ፣ እህቷ ወዲያው "አዎ እቴ፣ ከዋርካዋ ስር ነኝ" ትላታለች። ተነጋገሩ፣ አንዷ ስትጨርስ አንዷ እየቀጠለች።